ጂንስ የማይገባበት ቤት

በእናቴ ቤት ውስኪና ጂንስ አይገቡም ነበር። ከሁለቱ የሚብሰው ጂንሱ ነው። ውስኪ የጠጣ ሰው ንስሐ አለው፤ እሑድ ጠዋት ከፊት ወንበር ተንበርክኮ ያለቅስና ሰኞ እንደ አዲስ ይጀምራል። ጂንስ ለብሶ የመጣ ግን ዘመድም ይሁን ባዳ በረንዳ ላይ ተቀብለነው በረንዳ ላይ እንሸኘዋለን። በረዶ የሚያመላልሰው ሰውዬ ውሃ ሲጠማው ብርጭቆውን በመስኮት ነበር የምንሰጠው። እሱም ከመልመዱ የተነሳ መስኮቱን ያንኳኳል እንጂ ወደ በሩ ዞር ብሎ አያይም።

እናቴ ኦዴሳ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጆርጂያ ውስጥ ባለችው በዚያች የጥጥና የለውዝ ከተማችን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የሚኖሩት ነጭ ወይዛዝርት የሠርጋቸውንም የፋሲካቸውንም ልብስ ከእሷ በቀር ለማንም አያስነኩም። ቤታችን በሐር፣ በዳንቴልና በሳቲን ታጭቆ ነበር የሚውለው። ለእኔና ለእህቴ ደግሞ ከቁርጥራጩ ይሰፋልናል። ስለዚህ ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ራሴን የሀብታም ልጅ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። አባቴ ገና ሳልድህ ስለሞተ፣ ይህን አስተሳሰቤን የሚያቃና ሰው አልነበረም።

ከስፌት መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ የአያቴ የኤዝራ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሞላላ ክፈፍ ውስጥ ያለው ፊቱ ብቻ ነው፤ ከአገጩ በታች ያለውን እናቴ በመቀስ ቆርጣዋለች። ለምን ብዬ ጠይቄ መልስ ስላላገኘሁ የራሴን አበጀሁ፤ አያቴ አጠገብ አንድ ክፉ ሰው ቆሞ ኖሮ ነው አልኩ። ክፉው ሰው ቀስ በቀስ ባርኔጣና የወርቅ ጥርስ አወጣ። ማታ ማታ ስለ እሱ አስባለሁ።

ታላቅ እህቴ ቨርኔታ አትላንታ ኮሌጅ ስትገባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ ነው የሸኛት። እናቴ የሰፋችላትን ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣና ነጭ ጓንት አድርጋ ነበር። ያን ቀን እናቴ ከእህቴ ይልቅ ጓንቱን ስታይ ነበር የዋለችው።

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ቨርኔታ ከዚያው አውቶቡስ ወረደች፤ ደረቱ ላይ ኪስ ያለው፣ በማንገቻ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል፣ ጥጥ ለቃሚ የሚለብሰው ሰማያዊ የጂንስ ቱታ ለብሳ። ጉልበቱ ነጥቶ አንደኛው ወገን ተቦጭቋል። ፀጉሯ አልተተኮሰም። እጇ ላይ ከአንዲት የጨርቅ ከረጢት በቀር ምንም አልነበረም።

ደህይታለች ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

(በቀደም የልጅ ልጄ ጉልበቱ የተቦጨቀ ጂንስ ገዝታ መጣች። «ማን ቀደደብሽ?» ብላት «ፋብሪካው» አለችኝ። ስለዚህ የያኔዋ እኔ ላይ ለመሳቅ አትቸኩሉ።)

እናቴ እህቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና በጓሮ መንገድ ወደ ቤት መራችን። በረንዳው ላይ ስንደርስ ቆመች። ምሳ የቀረበውም እዚያው ነው፤ የበቆሎ ዳቦና ባሚያ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሰሃኔን እየጠረግሁ ሁለቱን አዳምጣለሁ።

«ጓንቶችሽስ?» አለች እናቴ።

«እስር ቤት ቀሩ እማ። ልብሱም እዚያው ነው የተቀደደው። የመብት ሰልፍ ላይ ፖሊሶች ሁላችንንም ነው የያዙን።»

እስር ቤት የሚኖሩት ሌቦች መሆናቸውን አውቃለሁ። እንግዲህ እህቴን የዘረፏት ሌቦች ናቸው። ነገሩ ተገጣጠመልኝ።

«ይሄንንስ ማን አለበሰሽ?»

«ራሴ ነኝ። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ጥቁር ገበሬዎች ለምርጫ እንዲመዘገቡ ልናግባባ ነው እኛ ተማሪዎች የመጣነው። ጓንት ያደረገ ሰው ሲያዩ ደግሞ በር አይከፍቱም። ያገሩን ሰው መምሰል አለብን ተባባልንና ሁላችንም ይሄንኑ ለበስን።»

«ያገሩን ሰው» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «ያገሩ ሰው እኔ ነኝ። እኔን መምሰል ምን ከለከለሽ?»

ቨርኔታ የቱታዋን ማንገቻ አስተካከለች። ኮሌጅ ለዚህ መልስ አላስተማራትም መሰለኝ።

«ይሄ ጨርቅ በሬን አያልፍም። አውልቂውና ግቢ» አለች እናቴ።

«አላወልቅም እማ። ገበሬዎቹ ሲያወልቁት ነው የማወልቀው።»

«እንግዲያው ከነሱ ጋር እደሪ።»

ቨርኔታ ያን ቀን በረንዳው ላይ አደረች፤ በማግስቱም እንዲሁ። እናቴ ብርድ ልብሱንም ምግቡንም እንደ በረዶ ሻጩ ውሃ በመስኮት ታቀብላታለች። እኔ እህቴን እንዳላጣት ክፉኛ ፈራሁ። ልብሷን ካጣች፣ ቤቷን ካጣች፣ የቀራት አውቶቡሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ወንዙን ተሻግራ ስትሄድ ተከተልኳት። የመጀመሪያው ቤት የሚስተር ቶሊ ቢዝሊ ነበር፤ እኚህ ሽማግሌ በነጭ ሰው መሬት ላይ ጥጥ ሲያርሱ ነው ያረጁት። ቱታቸውን ለብሰው ግቢው ውስጥ እንጨት ሲጠርቡ አገኘናቸው። ቨርኔታ ገና ከአጥሩ ማዶ «ደህና ዋሉ ሚስተር ቶሊ፤ የኦዴሳ ልጅ ነኝ፣ ከኮሌጅ ነው የመጣሁት» ስትል መጥረቢያቸውን ጣል አድርገው ሮጠው ቤት ገቡ። በሩ ተዘጋ። ጓንትም ሳታደርግ ዘጉባት ብዬ አዘንኩ።

ትንሽ ቆይተው ወጡ። ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጫማቸውን ቀይረው። እሷ የሳቸውን ለብሳ እሳቸው የሷን ለብሰው ግቢው ውስጥ ተፋጠጡ። ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ እንደወትሮው።

«ይቅርታ ልጄ፤ የተማረ ሰው ሲመጣ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነበር» አሉ። ቱታዋን ሰረቅ አድርገው እያዩ፣ «ለመሆኑ ኮሌጅ የሚሰጧችሁ ይሄን ነው?»

«እናንተን ለመምሰል ነው ሚስተር ቶሊ።»

«እኛን?» ሲስቁ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «እኛ እኮ አርባ ዓመት ሙሉ እኛን ላለመምሰል ነው የምንለፋው።»

ቨርኔታ ስለ ፍርድ ቤቱ፣ ስለ መዝጋቢው፣ ሊመዘገብ የሄደ ሰው ስለሚጠየቃቸው ጥያቄዎች ነገረቻቸው። እስክትጨርስ ቆመው አዳመጧት። ከዚያ ክራቫታቸውን ላላ አደረጉና «ስሚ ልጄ፤ እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ከቆምኩ ከመሬቱ እነቀላለሁ። አንቺ መስከረም ሲጠባ ወደ ኮሌጅሽ ትሄጃለሽ፣ እኔ እዚሁ ነኝ። እናትሽ ግን የትም አትሄድም። የኤዝራ ልጅ ፍርድ ቤት ከሄደች እኔም እሄዳለሁ፤ እዚህ ያለው ሰውም ሁሉ ይከተላል። እሷ ካልሄደች አትድከሚ» አሉ።

ማታ ቨርኔታ ይህንኑ በመስኮት ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ የያዘችውን ዳንቴል ቀና አድርጋ አየችና «ቶሊን ጠይቂልኝ» አለች፤ «ከዚያ ቱታ ጎን ቆሜ መታየት ይሆንልኛል ወይ ብለሽ።» መስኮቱንም ዘጋችው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሄድነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። ፓስተሩ እንደ ልማዳቸው «የጸሎት ርዕስ ያለው ይነሳ» ሲሉ ተነሳሁ። እናቴ መዘምራኑ መሐል ስለነበረች ቀሚሴን ይዞ የሚያስቀምጠኝ ሰው አልነበረም።

«ስለ እህቴ ስለ ቨርኔታ ጸልዩልን» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሌቦች ዘርፈዋት ደህይታለች። የምትለብሰው የላትም። የጥጥ ለቃሚ ቱታ ለብሳ በረንዳ ላይ ነው የምታድረው።»

ምእመኑ ሁሉ ማራገቢያውን ይዞ ቀረ። ከፊት ወንበር የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ እህት አርዜላ፣ ከተማው ውስጥ ትልቁ ባርኔጣ የሷ ነው፣ ዞር ብላ መጀመሪያ እኔን ቀጥላ እናቴን አየቻት። ከዚያ «እግዚአብሔር ያጽናናት፤ ይህስ ዝም የሚባል ነገር አይደለም» አለች። እናቴ ቀጣዩን መዝሙር አፏን እያንቀሳቀሰች ብቻ ጨረሰችው።

ከማክሰኞ ጀምሮ የማኅበሩ ሴቶች ከቀትር በኋላ ልብስ እየያዙ ይመጡ ጀመር። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የስፌት ክፍሉ ውስጥ ይሰባሰባሉ፣ መርፌና ክር ያወጣሉ፤ ቨርኔታ ቱታዋን አላወልቅም ስላለች በረንዳው ላይ ቆማ በመስኮቱ ታናግራቸዋለች። «የክልሉን ዳኞች የሚሾም ማነው?» ስትል ሴቶቹ እንደ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ባንድነት ይመልሳሉ። ላመጡላት ልብስ ትምህርት መክፈል እንዳለባት ገባኝና አሳዘነችኝ።

የገረመኝ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ቨርኔታ ከመጣላት ልብስ አንዱንም አልለበሰችም። እህት አርዜላ አንገትጌው ላይ ቁልፍ የጎደለውን ያንኑ አረንጓዴ ቀሚስ አራት ጊዜ ይዛው መጥታ አራት ጊዜ ይዛው ስትመለስ አየሁ። ለማኝ እንኳ አመሰግናለሁ ይላል ብዬ በእህቴ ተናደድኩ። ሁለተኛ፣ እናቴ ሴቶቹ እስኪሄዱ ድረስ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ያለ ዕረፍት ትረግጣለች፤ ቤቱ በመኪናው ጩኸት ይናወጣል፤ መርፌው ሥር ግን ጨርቅ የለም። እናቴ ከንዴቷ ብዛት አየር ትሰፋለች ብዬ ደመደምኩ።

አረንጓዴው ቀሚስ የይለፍ ወረቀት መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው። የሸሪፉ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ «የት ነው?» ሲላቸው «ለዚያች ለደኸየችው ልጅ ልብስ ልንሰጥ ነው» ይሉታል። እሱም ወሬውን ሰምቷል፤ ስቆ ያሳልፋቸዋል። በኔ ጸሎት የተነሳ ከተማው በሙሉ ሰምቶ ነበር። ስለ መኪናው ጩኸት ደግሞ እናቴን በስተርጅናዋ ጠየቅኋት። «መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው እንዳይሰማቸው ነዋ፤ ምን ልሰፋ መስሎሽ ነበር?» አለችኝ።

ግን ያኔም ቢሆን ፍርድ ቤት እሄዳለሁ አላለችም። ቨርኔታ በመስኮት ስትለምናት እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ሐሳቧን ያስለወጣት ነገር የመጣው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። የዳኛው ሚስት ሚስስ ካልድዌል ልብስ ልትለካ እናቴን አስጠርታ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሚስስ ካልድዌልን እወዳት ነበር፤ ከረሜላ ትሰጠኛለች፤ ድምጿም ሁሌ ለስላሳ ነው። እሷ መስታወት ፊት ቆማለች፣ እናቴ ተንበርክካ የቀሚሱን ጠርዝ በስፒል ትይዛለች።

«ኦዴሳ፣ የልጅሽን ነገር ሰማሁ» አለች ሚስስ ካልድዌል። «በጣም ነው ያዘንኩት። እዚያ ወንበር ላይ ያለውን ቀሚስ ውሰጂላት። ላንቺ ብዬ ነው።»

እናቴ ስፒሎቹን በከንፈሮቿ ይዛ ስለነበር መልስ አልሰጠችም።

«እኔ ድሮም ብያለሁ፤ ትምህርት ለሁሉም አይሆንም። አትናደጂባት። ቱታው መቼም ይስማማታል፤ ከዚያው አይደል የመጣችሁት?»

እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት አልኩ በልቤ። እናቴ ያልተናገረችው በስፒሎቹ ምክንያት ነው ብዬ ለብዙ ዓመት አምኜ ነበር። የተሰጠንን ቀሚስ ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ነኝ የያዝኩት፤ ሐምራዊ ሆኖ ብብቱ ላይ በላብ ቢጫ ሆኗል። ጠርዙን ገልበጥ ሳደርገው ስፌቱን አወቅሁት። ቀሚሱን የሰፋችው እናቴ ራሷ ነበረች። ይህንን ስነግራት «አውቃለሁ» ብላ ብቻ መንገዷን ቀጠለች። ሁልጊዜ በኋላ በኩል ባለው ጠባብ መንገድ ነበር የምንመለሰው፤ ያን ቀን ግን በዋናው ጎዳና መሐል ለመሐል ሄድን።

ቨርኔታ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

«አውልቂው» አለቻት እናቴ።

«እማ፣ ስንት ጊዜ—»

«አውልቂው አልኩሽ። ልተኩሰው ነው።»

ቨርኔታ ማንገቻዎቹን ፈታች። በምትኩ የምትለብሰው ያ ሐምራዊ ቀሚስ ብቻ ስለነበር እሱን አጠለቀች፤ ከመጣላት ልብስ ሁሉ ገላዋን የነካው እሱ ብቻ ነው። የዳኛውን ሚስት ቀሚስ ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ስታይ፣ እናቴ ቱታውን ቤት አስገባችው። ጉልበቱን ጠቀመችው። አሚዶ በጠበጠች፣ ነከረችው፣ ጨመቀችው፣ ካውያውን አጋለች። ርጥቡ ጂንስ ሲተኮስ የሚሸተው ሽታ የኛን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላው።

«አባቴን የቀበርነው በዚህ ጨርቅ ነው» አለች ካውያውን እየገፋች፣ ቀና ሳትል። «ሱፍ አልነበረውም። ገናዡ ምን አለን መሰለሽ? ‹ከአገጩ በታች ብርድ ልብስ እናለብሰዋለን፣ ማንም አያይም።› ማንም አላየም። እኔ ግን አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቼ ይህን አይለብሱም ብዬ ማልኩ።»

«እማ፣ አላወቅሁም» አለች ቨርኔታ። እያለቀሰች ነበር።

«እንድታውቂው መች ፈለግሁ። ያቺ ሴት ‹ይስማማታል› አለችኝ። እንግዲያው ሲስማማሽ ትየው። ብቻ ተጨማደሽ አትሄጂም።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ወጣን። እናቴ ጥቁር ሰማያዊ ልብሷን ለብሳ ነጭ ጓንት አድርጋለች። ከጎኗ ቨርኔታ በቱታ፤ የሱሪው የተኩስ መስመር ዳቦ ይቆርጣል። ድልድዩ ጋ ሚስተር ቶሊ በሱፍ ቆመው ጠበቁን። ከኋላቸው የወንዝ ማዶ ሰው በሙሉ የእሑድ ልብሱን ለብሶ ወጥቷል። እህት አርዜላ ያንን አረንጓዴ ቀሚስ ራሷ ለብሳዋለች፤ ቁልፉ ተተክሏል። ለሠርግ የምንሄድ መስሎኝ ሙሽራዋ የት አለች ብዬ ጠየቅሁ።

ፍርድ ቤቱ ፀሐይ ላይ አቆመን። መዝጋቢው ምሳ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። እናቴ ተራዋ ደርሶ ስትገባ ለጠየቃት ሁሉ መለሰች፤ ጨርቅ የሌለው መኪና እየረገጠች ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች። ሰውዬው ወረቀቱን አጠፈና «ሌላ ቀን» አላት። ያን ቀን አንድም ሰው አልተመዘገበም። እናቴ የመራጭነት ካርዷን ያገኘችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስንመለስ ሚስስ ካልድዌል መኪና ውስጥ ሆና አየችን፤ እኔ እጄን አውለበለብኩላት፤ እሷ ግን መስታወቱን ዘጋች። ፀሐዩ ነው አልኩ።

በዚያው ሳምንት የወይዛዝርቱ ሠራተኞች እየመጡ ያልተሰፋውን ጨርቅ ሁሉ ወሰዱ። ሐሩ ሄደ፣ ዳንቴሉ ሄደ፣ ሳቲኑ ሄደ። ሀብታም አለመሆናችንን ያወቅሁት ያኔ ነው። ቨርኔታ ጥፋቱ የሷ መሆኑን እየነገረቻት ስታለቅስ እናቴ ባዶውን መኪና ዘይት ትቀባ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ተንኳኳ። ሚስተር ቶሊ ናቸው። ከመሬታቸው ሊነቅሏቸው ዝተውባቸው ገና ክርክር ላይ ነበሩ። እጃቸው ላይ ጉልበቱ የተቀደደ ቱታ ይዘዋል፤ ከኋላቸው ጥቂት ሰዎች የየራሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ሁሉም በረንዳው ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ እንደ ሕጋችን።

«ኦዴሳ፣ ይቺን ብትጠቅሚልኝ ብዬ ነበር። በዚሁ በመስኮቱ ላቀብልሽ» አሉ።

እናቴ ተነሳች። ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«በሩ በዚህ በኩል ነው ሚስተር ቶሊ» አለች።

ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ያን ቤት ያኖረው ጂንስ ነው። እየጠቀመች፣ አሚዶ እየነከረች፣ መስመር እያወጣች ስትመልሰው የወንዝ ማዶ ገበሬ ጥጥ ሊለቅም ሲሄድ ዳኛ ይመስል ነበር።

የመጀመሪያውን ቱታ ስትጠቅም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ጉልበቱ ላይ ስትደርስ አቆመችና የመኪናውን መሳቢያ ከፍታ ከክሮቹ ሥር አንድ ቁራጭ ፎቶግራፍ አወጣች። ባለወርቅ ጥርሱ ክፉ ሰው በመጨረሻ ሊገኝ ነው።

ክፉ ሰው የለም። ራስ የሌለው ረጅም ሰውዬ ቱታ ለብሶ ቆሟል። ግራ ጉልበቱ ላይ እራፊ ተጥፎበታል፤ ዙሪያውን የተሰፋበት ነጭ ክር ከሩቅ ይታያል፤ ስፌቱም የዶሮ ኮቴ ይመስላል።

«እንዲህ አድርጎ ያበላሸው ማነው?» አልኩ፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝና።

እናቴ ፎቶግራፉን ከእጄ ወስዳ ግድግዳው ላይ ካለው ፊት ሥር ገጥማ ያዘችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ያንቺን ያህል ነበርኩ። ሰማያዊ ክር አልነበረንም።»